ያልተነካና ያልተሰበረ (ኢንተግሪቲ ስለሚባለው ቃል ትርጓሜና አመጣጥ)



የዛሬው ንግግራችን ስለ አንድ ቃል ነው። ስለ አንድ ቃል ብቻ ይህን ያህል ጊዜ መውሰድ ምን ይጠቅማል የሚል ሰው አይጠፋ ይሆናል። ነገር ግን አንድ ሕዝብ አንድን ነገር በምን ስም እንደሚጠራው ብናውቅ፣ ያን ነገር እንዴት አድርጎ እንደሚያየው እናውቃለን። ስለዚህ ቃል መመርመር ሐሳብን መመርመር ነውና፣ ጥቂት ጊዜ እንድትታገሡኝ እለምናችኋለሁ።

በመሥሪያ ቤታችን ከሥራዬ አንዱ፣ በእንግሊዝኛ ተጽፎ የመጣውን ወደ አማርኛ መመለስ ነው። አንድ ቀን በቀረበልኝ ወረቀት ላይ «ኢንተግሪቲ» የሚለው ቃል ሁለት ጊዜ ተጽፎ አገኘሁት። በመጀመሪያው ቦታ የተነገረው ስለ አገር ነበረና፣ «የግዛት አንድነት» ብዬ ያለ ችግር አለፍሁት። በሁለተኛው ቦታ የተነገረው ግን ስለ መንግሥት ሠራተኛ ጠባይ ነበረ። በዚያ ቦታ «አንድነት» ብል ትርጉም የለውም፤ «ታማኝነት» ብዬ ጻፍሁና ሰረዝሁ፤ «ቅንነት» ብዬ ጻፍሁና እርሱንም ሰረዝሁ። አንድ ቃል ስለ አገር ሲነገር ድንበርን፣ ስለ ሰው ሲነገር ጠባይን የሚያመለክተው ስለ ምንድር ነው? ይህን ሳስብ ውዬ፣ መልሱን ከቃሉ ሥር ለመፈለግ ተነሣሁ።

ቃሉ የተወለደው በላቲን ቋንቋ ነው። በላቲን «ታንጌሬ» ማለት መንካት ማለት ነው። በፊቱ «ኢን» የሚለው የአሉታ ምልክት ሲጨመርበት «ኢንተገር» የሚል ቃል ይወጣል፤ ትርጓሜውም ያልተነካ፣ ስለዚህም ያልጎደለ፣ ሙሉ ማለት ነው። ከዚህ «ኢንተግሪታስ» ተገኘ፤ ወደ እንግሊዝኛም በ15ኛው መቶ ዓመት ገደማ ገባ። መጀመሪያ የነገርን ሙሉነት ብቻ ያመለክት ነበር፤ ንጹሕና ያልተበላሸ ጠባይ የሚለው ትርጓሜ በእንግሊዝኛ የተለመደው በ16ኛው መቶ ዓመት ነው።

የቃሉን ዘመዶች ከመካከላችሁ ብዙዎቹ በትምህርት ቤት ተዋውቃችኋቸዋል። በጂኦሜትሪ ክቡን በአንዲት ነጥብ ብቻ ነክቶ የሚያልፈው መሥመር «ታንጀንት» ይባላል፤ የሚነካ ማለት ነው። በመነካካት የሚተላለፍ በሽታ በእንግሊዝኛ የሚጠራበት ስምም ከዚሁ ሥር የበቀለ ነው። በሒሳብ ደግሞ ሙሉ ቁጥር «ኢንቲጀር» ይባላል፤ እርሱም ሳይለወጥ የቀረው የላቲኑ ቃል ነው። የሙሉ ቁጥር ተቃራኒ የሆነው ክፍልፋይ፣ በእንግሊዝኛ «ፍራክሽን» የሚባለው፣ መስበር ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ነውና የተሰበረ ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ሙሉ ቁጥር መሆን ትልቅ ቁጥር መሆን አይደለም። አንድ ሙሉ ቁጥር ነው፤ ሺህ ከግማሽ ግን ምንም እንኳ ከአንድ እጅግ ቢበልጥ ሙሉ ቁጥር አይደለም። እንዲሁም ደብዳቤ የሚያደርስ ተላላኪ ሙሉ ሰው ሊሆን፣ ደብዳቤውን የሚፈርመው ሹም ክፍልፋይ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ አገር እንመለስ። አገር ያልተነካች ናት ማለት ወሰኗ ያልተጣሰ፣ መሬቷ ያልተቆረሰ ናት ማለት ነው። ይህ ቃል በ1919 በአውሮጳ አቈጣጠር በተዘጋጀው በመንግሥታት ማኅበር ቃል ኪዳን በ10ኛው አንቀጽ ተጽፎ ነበር፤ የማኅበሩ አባሎች የእያንዳንዳቸውን የግዛት አንድነትና ነጻነት ከውጭ ወረራ ለመጠበቅ ተስማምተው ነበር። ኢትዮጵያም በ1916 ዓ.ም. ወደዚያ ማኅበር ገባች። በመስከረም ወር 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር ወሰኗን ጥሶ በገባ ጊዜ ግን ቃሉ በወረቀቱ ላይ ሙሉ ሆኖ ሳለ፣ የፈረሙት ሰዎች ሳይሞሉ ቀሩ። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ጄኔቭ ላይ ቆመው ማኅበሩን የወቀሱት ስለዚህ ነው። ቃሉ በ1937 ዓ.ም. በሳን ፍራንሲስኮ በተፈረመው በተባበሩት መንግሥታት ቻርተር በ2ኛው አንቀጽ፣ ደግሞም በግንቦት 1955 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተፈረመው በአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር ተመልሶ ተጽፏል።

ይህን ያመጣሁት ታሪክ ለመተረክ ብቻ አይደለም። ያው የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር በ101ኛው አንቀጽ ስለ ድርጅቱ ሠራተኞች ሲናገር፣ ሠራተኛ ሲቀጠር ከሁሉ አስቀድሞ ሊታሰብ የሚገባው ከፍተኛ የሥራ ቅልጥፍና፣ ችሎታና «ኢንተግሪቲ» እንደ ሆነ ይደነግጋል። እንግዲህ በአንድ ሕግ ውስጥ ይኸው አንድ ቃል ለአገርም ለጸሐፊም ተነግሯል። ምሥጢሩም ሩቅ አይደለም። ሰውም እንደ አገር ወሰን አለው። ገንዘብ፣ ዛቻ፣ ዝምድና፣ ውዳሴ ያን ወሰን ሊያልፉ ይመጣሉ፤ ያላለፉበት ሰው ያልተነካ ነው፤ ያለፉበት ሰው ቈዳው ደኅና ቢመስል እንኳ ውስጡ የተያዘ አገር ነው።

ታዲያ ይህን ሰው በአማርኛ ምን እንበለው? እስቲ ቃሎቻችንን በየተራ እንመልከታቸው።

«ታማኝ» የሚለው ቃል «አመነ» ከሚለው የወጣ ነው፤ እምነት፣ አመኔታ፣ እማኝ የሚሉትም ወንድሞቹ ናቸው። «አሜን» የምንለውም በዕብራይስጥ ከዚሁ ሥር ነው። መልካም ቃል ነው፤ ነገር ግን ታማኝ የምንለው ሁልጊዜ ለአንድ ሰው ታማኝ የሆነውን ነው። አሽከር ለጌታው ታማኝ ይሆናል፤ ጌታው ወንበዴ ቢሆንም እንኳ ታማኝነቱ አይቀርም። ሌቦችም እርስ በርሳቸው ይተማመናሉ። በመሥሪያ ቤት አለቃው የሠራውን ጥፋት የሚሸፍን ጸሐፊ «ታማኝ ልጅ ነው» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። በዚያን ጊዜ ታማኝነቱ ሙሉ ሲሆን፣ ሰውዬው ግን ጎድሏል። እንግዲህ ታማኝነት ብቻውን የምንፈልገውን ቦታ አይሞላም።

«ሐቀኛ» የሚለው ከዓረብኛው «ሐቅ» ጋር አንድ ነው። ሐቅ እውነት ማለት ነው፤ ለሰው የሚገባው ድርሻም ሐቅ ይባላል። ስለዚህ ሐቀኛ ሰው እውነቱን የሚናገር፣ የሌላውንም ድርሻ የማይነካ ነው። ይህ ወደ ላቲኑ እጅግ ይቀርባል። «ቅን» የሚለው ደግሞ «ቀና» ከሚለው ጋር ዝምድና አለው፤ ያልተጣመመ ማለት ነው። «ፍጹም» የሚለውም «ፈጸመ» ከሚለው ወጥቶ ምንም ያልቀረበት ማለት ይሆናል። በ1611 በታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ኢዮብ ሀብቱንና ልጆቹን ካጣ በኋላ እንኳ ያልለቀቀው ጠባይ «ኢንተግሪቲ» ተብሎ ተተርጕሟል፤ በአማርኛው ያን ሰው ፍጹምና ቅን እንለዋለን። ኢዮብ ሁሉ ጐድሎበት ራሱ ያልጐደለ ሰው ነበረና፣ ቃሉ ይስማማዋል።

በየቀኑ የምንለዋወጠው «ሰላም» የሚለው ሰላምታም ከዚህ ሐሳብ የራቀ አይደለም። የሰላም ሥር በሴማውያን ቋንቋዎች ጤናማነትንና ሙሉነትን ያመለክታል። ስለዚህ ባልንጀራችንን «ሰላም ነህን?» ብለን ስንጠይቀው፣ ሳናስበው «ሙሉ ነህን? አልጐደልህምን?» ብለን እንጠይቀዋለን። ብዙዎቻችን «ደኅና» ብለን በችኰላ መልሰን እናልፋለን እንጂ፣ ጥያቄው ከባድ ጥያቄ ነበር።

የቃልን ትርጓሜ ከተቃራኒው ማወቅም ይቻላል። የ«ኢንተግሪቲ» ተቃራኒ በእንግሊዝኛ «ኮራፕሽን» ነው፤ እርሱም በላቲን ፈጽሞ መስበር ከሚል ቃል የመጣ ነው። እኛ ግን ለዚህ ነገር የያዝነው ስም ከግዕዝ የተገኘው «ሙስና» ነው። «ማሰነ» ማለት ተበላሸ፣ ፈረሰ፣ ጠፋ ማለት ነው። ሮማውያን ነገሩን እንደ ስብራት አዩት፤ አባቶቻችን እንደ ብልሽት አዩት። በእኔ አስተያየት የግዕዙ ይበልጥ እውነቱን ይነግረናል። የተሰበረ ዕቃ ሲሰበር ድምፅ አለው፤ ሰውም ዞር ብሎ ያያል። የሚበላሽ ነገር ግን ከውስጥ ይጀምራል፤ ከውጭ እስኪታይ ድረስ ብዙ ጊዜ ያልፋል። «በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» የሚለው ያገራችን ተረት የሚያስተምረንም ይህንኑ ነው። ልጁ ለስቅላት ያበቃው የመጨረሻው ስርቆት ሳይሆን የመጀመሪያው እንቁላል ነበር።

ቃሉ ከተወለደበት ከሮማ ሁለት ሰዎችን ላስታውሳችሁ። የመጀመሪያው ፋብሪሲዩስ የተባለው ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ280 ዓመት ገደማ የኤጲሮስ ንጉሥ ፒሩስ ሮማውያንን በወጋ ጊዜ፣ ፋብሪሲዩስ ስለ ምርኮኞች ለመነጋገር ወደ ንጉሡ ተላከ። ፕሉታርክ እንደ ጻፈው፣ ንጉሡ ሰውየው ድኻ መሆኑን ሰምቶ ወርቅ አቀረበለት፤ እርሱም አልቀበልም አለ። በማግሥቱ ንጉሡ ሊያስፈራራው አስቦ፣ ፋብሪሲዩስ ዝሆን አይቶ የማያውቅ ነበርና፣ ትልቅ ዝሆን ከመጋረጃ በስተኋላ አቁሞ መጋረጃውን በድንገት አስገለጠው። ዝሆኑም ኩምቢውን በላዩ ዘርግቶ ጮኸ። ፋብሪሲዩስ ግን ፈገግ አለ እንጂ አልተናወጠም። በኋላም የፒሩስ ሐኪም ንጉሡን በመርዝ ሊገድልላቸው ለሮማውያን በምሥጢር በጻፈ ጊዜ፣ ፋብሪሲዩስ ነገሩ ለጠላቱ ለንጉሡ እንዲነገረው አደረገ። እነሆ፣ በወርቅ ያልተነካ፣ በፍርሃት ያልተነካ፣ በቀላል ድል ተስፋም ያልተነካ ሰው ይህ ነው።

ሁለተኛው የዚህ ተቃራኒ ነው። ቬሬስ የተባለ ሹም ከ73 እስከ 71 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ሲሲሊያን ሲገዛ፣ የሕዝቡን እህል፣ የቤተ መቅደሱን ምስል፣ የባለጠጋውን ዕቃ ሳይለይ ዘረፈ። ሮማውያን ግን ከዚያ አስቀድሞ በ149 ዓመት፣ ሹማምንት ከግዛታቸው ያለ አግባብ የወሰዱትን ገንዘብ የሚያስመልስ ቋሚ ፍርድ ቤት አቁመው ነበር። የሲሲሊያ ሰዎች ቀድሞ በአገራቸው በገንዘብ ሹመት ላይ ሳለ ጠባዩን አይተውት ወደ ነበረው ወደ ሲሴሮ ሄደው ጠበቃ ሁነን አሉት። እርሱም ማስረጃ ለመሰብሰብ 110 ቀን ተፈቅዶለት በ50 ቀን ያህል ጨርሶ ተመለሰ፤ በ70 ዓመትም ነገሩ በተሰማ ጊዜ ማስረጃው ስለ በዛ፣ ቬሬስ ፍርዱ ሳይፈጸም ወደ ስደት ሄደ። ልብ በሉ፤ ሲሴሮን ለዚህ ሥራ ያስመረጠው አንደበቱ ብቻ አልነበረም፤ በዚያው አገር ተሹሞ ሳለ እጁን ሰብስቦ መኖሩ ነው።

በአገራችን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ምሳሌ አለ። ይህን ምሳሌ እየሳቅን እንናገረዋለን፤ ነገር ግን ሣቅ ያለበት መርዝ ነው። «ሲሾም» የሚለው ቃል ሹመትን የሰው ርስት ያደርገዋል፤ «ያልበላ» የሚለውም የሕዝቡን አደራ ማዕድ ያደርገዋል። ጉቦን በስሙ የሚጠራውም ጥቂት ነው። አንዱ «እጅ መንሻ» ይለዋል፤ ሌላው «ጉርሻ» ይለዋል፤ ሌላው «ለሻይ» ይለዋል። ጉርሻ በማዕድ ላይ የፍቅር ምልክት ነበረ፤ በመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ ግን ስሙን ተውሶ የመጣ ሌላ ነገር ነው።

ስለዚህ ነገር የምናገረው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን እንደ ጨረስሁ፣ ወደ ሬድዮ ሥራ ከመግባቴ በፊት፣ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ነበር። አንድ የገጠር ሽማግሌ ስለ ውርስ ጉዳይ መጥተው ለብዙ ቀን ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። በመጨረሻው ቀን ወደ ጠረጴዛዬ ቀረቡና፣ በመሐረብ ቋጠሮ የያዙትን ሁለት የታጠፉ ብሮች አውጥተው «ጌታዬ፣ ለሻይዎ ትሁንልኝ» አሉኝ። አባቴ ሊሆኑ የሚችሉ ሰው ጌታዬ አሉኝ። እኔም ተቀበልሁ። ፋይላቸውን ከታች አውጥቼ ከሁሉ በላይ አኖርሁት፤ ጉዳያቸውም በዚያው ቀን አለቀ። መርቀውኝ ሄዱ። እኔም ማንንም እንዳልጐዳሁ፣ ይልቁንም ደግ ሥራ እንደ ሠራሁ አድርጌ አሰብሁ።

በሳምንቱ አንዲት ባልቴት መጥተው፣ «ልጄ፣ ከእኚያ ሽማግሌ በፊት የመጣሁት እኔ ነበርሁ፤ የእኔ ነገር ምን ሆነ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም «እናቴ፣ ተራዎ አልደረሰም» አልኋቸው። ውሸት ነበር። ተራቸው ደርሶ ነበር፤ ነገር ግን እኔ ሸጥሁት። በዚያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። ከፋይሎች ክምር አንዱን ወደ ላይ ስናወጣ፣ ሌሎቹ ሁሉ አንድ አንድ ደረጃ ወደ ታች ይወርዳሉ። ሽማግሌው የሰጡኝ ገንዘብ የራሳቸው ነበረ፤ እኔ የሰጠኋቸው ግን የእኔ አልነበረም፤ የባልቴቷ ነበረ። የባልቴቷን ጉዳይ በዚያው ቀን ተከታትዬ አስጨረስሁ፤ ገንዘቡን ግን አልመለስሁትም፤ ሽማግሌው ወደ አገራቸው ሄደዋልና የምመልስበት አላገኘሁም። የሚያሳፍረኝ የገንዘቡ ብዛት አይደለም፤ ያን ውሸት ለመናገር አንደበቴ ለአንድ አፍታ እንኳ ያለመያዙ ነው። ብሩ ወደ ኪሴ ሲገባ፣ ውሸቱም አብሮት ገብቶ ተቀምጦ ኖሯል።

እንግዲህ «ያልተነካ» ማለት ይህ ከሆነ፣ ከእኛ መካከል ማን ሙሉ ነኝ ሊል ይችላል? የሚል ጥያቄ ይነሣል። ለዚህም ቃሉ ራሱ መልስ አለው። ከ«ኢንተገር» «ኢንተግራሬ» የሚል ግሥ ይወጣል፤ ትርጓሜውም እንደገና ሙሉ ማድረግ፣ ማደስ ማለት ነው። ስለዚህ ሙሉነት አንዴ ከጠፋ የማይገኝ ነገር አይደለም። ነገር ግን የሚታደሰው የጐደለውን ያመነ፣ የሚመለሰውን የመለሰ፣ ያንኑ ደጋግሞ ላለማድረግ የቈረጠ ነው። «ሁሉም ያደርገዋል» እያለ የሚኖር ሰው ግን ስብራቱን ቤት አድርጎ የሚኖርበት ነው።

ሕግ በዚህ ረገድ ድርሻ አለው። በአገራችን በ1993 ዓ.ም. የሥነ ምግባርና የፀረ ሙስና ኮሚሽን ተቋቁሟል። የተባበሩት መንግሥታትም የፀረ ሙስና ስምምነታቸውን በ2003 በአውሮጳ አቈጣጠር አጽድቀው፣ ኅዳር 30 ቀን በየዓመቱ እንዲታሰብ አድርገዋል። ነገር ግን ሕግ የተሰበረውን ይቀጣል እንጂ፣ ያልተሰበረውን ሙሉ አድርጎ አይፈጥርም። ማንም በማያይበት በመዝገብ ቤት፣ በሁለት ፋይሎች መካከል፣ ሕጉን የሚያስከብር ጸሐፊው ራሱ ነው።

ገበያ ወጥታ እንስራ የምትገዛ ሴት ምን እንደምታደርግ አይታችሁ ይሆናል። ቀለሙን አይታ ብቻ አትገዛም። በአንድ እጅዋ አንጠልጥላ በጣትዋ ኳኳ ታደርገዋለች፤ ጆሮዋንም ታስጠጋለች። ያልተሰነጠቀ ከሆነ ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ ስንጥቅ ካለበት ግን ዐይን ባያየውም ድምፁ ይነግራታል። ባለጕዳይም እንደዚህ ነው። በየቀኑ ወደ ጠረጴዛችን ይመጣና፣ በአንድ ጥያቄ ኳኳ ያደርገናል። «ጉዳዬ የት ደረሰ?» ይለናል። እኛም የምንመልስለት ድምፅ ሙሉ መሆናችንን ወይም መሰንጠቃችንን ይገልጻል።

ያን ወረቀት በመጨረሻ እንዴት እንደ ተረጐምሁት ትጠይቁኝ ይሆናል። «ያልጐደለ ሐቀኝነት» ብዬ ጻፍሁ። ኀላፊዬ አንብበው፣ «ሐቀኝነት ብቻ ቢባል አይበቃምን? ያልጐደለ የሚለው ምን ይጨምራል?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም «ጌታዬ፣ የጐደለ ሐቀኝነት ስላለ ነው» አልኋቸው። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው፣ ከዚያ ፈርመው መለሱልኝ።

የተከበራችሁ አድማጮች፣ ነገ ጧት እያንዳንዳችን ከጠረጴዛችን ፊት ስንቀመጥ፣ ከክምሩ በታች ያለው ፋይል የማን እንደ ሆነ አንድ ጊዜ ገልጠን ብናይ፣ የዛሬው ንግግር በከንቱ አልቀረም ማለት ነው።